ክትፎ በልቶ ቀንድ ያወጣ የለም

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ የተናገርኩት ነው። አንዳንዶች «በጽሑፍ ብናገኘው» ስላሉ አስተካክዬ አስቀመጥኩት። የተንዛዛሁበትን ቆርጫለሁ፤ ቀልዱን ግን አልነካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ!

ወደዚህ ስመጣ መንገድ ዳር ጉልት ላይ ቆምኩ። ባለጉልቷ ፊት ሁለት መደብ ቲማቲም አለ። አንደኛው ትልልቅ፣ ቆዳው ጠንካራ፣ እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያብረቀርቅ። ሌላው ትንንሽና ጠማማ፣ አንዳንዱም ጎኑ የተሰነጠቀ። እጄን ወደ ትልልቁ ስሰድ አዘነችልኝ መሰለኝ።

«ይሄኛውን ይውሰዱ፤ የሀበሻ ነው። ያ ጂኤምኦ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«አይታይዎትም እንዴ ሲያብረቀርቅ?»

ሁለቱም ምናልባት ከመቂ በአንድ አይሱዙ ተጭነው የመጡ ናቸው። እኛ ገበያ ላይ በዘረመል ምህንድስና የተሠራ ቲማቲም የለም። ግን የሴትየዋን ጭንቀት አልንቀውም። የምትሸጠው ነገር ማን እጅ ላይ እንደነበረ፣ ምን እንደተረጨበት አታውቅም። ለማታውቀው ነገር ስም አገኘችለት፤ ጂኤምኦ አለችው።

ይህ ስም ብዙ ነገር ተሸክሟል። የፈረንጅ ዶሮ ጂኤምኦ ነው ይባላል። አይደለም። ቶሎ ቶሎ የሚያድጉት እየተመረጡ ለብዙ ትውልድ እርስ በርስ በመዳቀላቸው የመጣ ነው። ቁንጮ ጤፍም አይደለም፤ ደብረ ዘይት ላይ ሁለት የጤፍ ዓይነት ተዳቅሎ የተገኘ ነው። የባኮው ቢኤች 660 በቆሎም ድቅል ነው። በአጭሩ ምርጥ ዘር ሁሉ ጂኤምኦ አይደለም። ፍሬ የሌለው ሙዝም አይደለም፤ ያኛው የተፈጥሮ ነገር ነው።

ታዲያ ምንድን ነው? ከአንድ ሕያው ነገር አንድ የታወቀ ጂን ወስዶ ሌላ ሕያው ነገር ውስጥ መትከል ነው። በሕጉ አማርኛ ልውጠ ህያው ይባላል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ከነገሩ ጋር ከብዙ ሰው በላይ ይተዋወቃል። ድሮ ኢንሱሊን የሚወጣው ከአሳማና ከከብት ቆሽት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 የሰው የኢንሱሊን ጂን ባክቴሪያ ውስጥ ተተክሎ የተሠራው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ዛሬ በዓለም ላይ አብዛኛው ኢንሱሊን የሚመረተው በዚህ መንገድ ነው። ኢንሱሊን ላይ ሰልፍ የወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። ነገሩ ወደ ሳህን ሲመጣ ነው ሆዳችን የሚባባው።

አንዱ ፍርሃት «ጂኑን ከበላሁት ወደኔ ይገባል» የሚል ነው። ወገኖቼ፣ ጂን ያልበላንበት ቀን የለም። ጎመኑ፣ ሽሮው፣ እንጀራው ጂን የሞላበት ነው። ክትፎማ የበሬ ጂን ነው፤ ያውም ጥሬውን! ክትፎ በልቶ ቀንድ ያወጣ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ሆዳችን ጂኑንም እንደ ሌላው ምግብ ይፈጨዋል።

እንዲያውም አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች 291 የሚታረሱ የስኳር ድንች ናሙናዎችን መረመሩ። ሁሉም ውስጥ የአፈር ባክቴሪያ ጂን ተገኘ። ሰው አልከተተውም። አግሮባክቴሪየም የሚባለው ባክቴሪያ ራሱ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ያስገባው ነው። ሳይንቲስቶችም ጂን ለማስገባት የሚጠቀሙት ይህንኑ ባክቴሪያ ነው። የወላይታ እናት ለልጇ የምትቀቅለው ስኳር ድንች በዚህ ሚዛን ከሄድን ተፈጥሮ የሠራው ጂኤምኦ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ሁሉም ጤነኛ ነው እያልክ ነው?» የሚል ይኖራል። አላልኩም። ጂን ብቻውን ሆድ ውስጥ ምንም አያደርግም። ጂን ግን ትእዛዝ ነው፤ ተክሉን «ይህን ፕሮቲን ሥራ» ይለዋል። ጤና ላይ የሚመጣ ነገር ካለ በዚያ ፕሮቲን በኩል ነው የሚመጣው። ስለዚህ «ጂኤምኦ ነው?» ብሎ መጠየቅ «መድኃኒት ነው?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። የቱ መድኃኒት?

አንድ ታሪክ አለ፤ ይህን ታሪክ ሁሌም ዘርዝሬ ነው የማወራው። አኩሪ አተር ለዶሮ መኖ ጥሩ ነው፤ ግን ሜታዮኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል። አንድ የአሜሪካ የዘር ኩባንያ፣ ፓዮኒር፣ መላ ዘየደ። የብራዚል ለውዝ ሜታዮኒን የበዛበት ፕሮቲን አለው። የዚያን ፕሮቲን ጂን ወስደው አኩሪ አተር ውስጥ ተከሉት። ሠራ። መኖው ሀብታም ሆነ።

ችግሩ የብራዚል ለውዝ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች መኖራቸው ነው። አለርጂ ስል የአፍንጫ ማሳከክ ብቻ አይደለም፤ ጉሮሮ አብጦ ትንፋሽ እስከ ማጠር የሚደርስ አለ። ኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች እነዚህን ሰዎች ፈልገው ደማቸውን ወሰዱ። አለርጂ ያለበት ሰው ደም ውስጥ ጠላቱን የሚያውቅ ወታደር አለ። ያንን ደም ከአዲሱ አኩሪ አተር ፕሮቲን ጋር ስታገናኘው ወታደሩ ዘልሎ ከያዘው ነገሩ አበቃ። ከ9 ሰዎች የ8ቱ ያዘው። ከዚያ 3 ሰዎች ላይ በቆዳ ሞከሩት። ክንድ ላይ ጠብታ ጣል ይደረጋል፣ በመርፌ ጫፍ ጫር ይደረጋል፣ ይጠበቃል። የሦስቱም ቆዳ አበጠ። ተራው አኩሪ አተር ሲነካቸው ግን ምንም አልሆኑም።

ኩባንያው አኩሪ አተሩን ጣለው። ገበያ አልወጣም፤ የታመመ ሰውም የለም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ታተመ። ይህን ታሪክ የጂኤምኦ ተቃዋሚዎች «አያችሁ፣ አደገኛ ነው» እያሉ ይተርኩታል። ደጋፊዎች ደግሞ «አያችሁ፣ ፍተሻው ይሠራል» ይላሉ። የሁለቱም እውነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነገር ነው። የብራዚል ለውዝ አለርጂ እንደሚያስነሳ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። የታወቀ ስለነበር ታማሚ ተገኘ፣ ደም ተገኘ። ሰው በልቶት ከማያውቀው ነገር የመጣ ፕሮቲን ቢሆንስ? የማንን ደም ትወስዳለህ?

ይህ ጥያቄ በአራት ዓመቱ መልስ ሳይሆን ትርምስ ይዞ መጣ። ስሙ ስታርሊንክ ነው። የኢሎን መስክ ኢንተርኔት አይደለም፤ በቆሎ ነው። አገዳ ቆርቁር እንዳይበላው የባክቴሪያ ጂን የተተከለበት። ይህ ባክቴሪያ፣ በአጭሩ ቢቲ ይሉታል፣ አፈር ውስጥ የሚኖር ነው። ፕሮቲኑ ትል ሆድ ውስጥ ሲገባ የአንጀቱን ግድግዳ ይበሳዋል። የእኛ አንጀት ላይ ግን ፕሮቲኑ የሚጣበቅበት ቦታ የለም። ለዚህ ነው ሌሎቹ የቢቲ በቆሎዎች ለሰው የተፈቀዱት። የስታርሊንክ ፕሮቲን ግን አመል ነበረው። በሙቀትም ሆነ በሆድ አሲድ እንደ ሌሎቹ ቶሎ አልፈርስ አለ። ቶሎ የማይፈርስ ፕሮቲን አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል ተብሎ ይጠረጠራል። ስለዚህ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1998 «ለከብት ይሁን፣ ለሰው ግን አይሁን» ብሎ ፈቀደው።

ልብ አድርጉ። አንድ በቆሎ፣ በዓይን የማይለይ፣ ለከብት ተፈቅዶ ለሰው ተከልክሏል። እህል በረንዳ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ከአሁኑ ያውቀዋል። የጎጃሙም የወለጋውም በቆሎ አንድ መጋዘን ይገባል። ጆንያ ይቀደዳል፣ ይጠረጋል፣ ይደባለቃል። «ይሄ የከብት ነው» ብለህ ለተሸካሚው ብትነግረው ይስቅብሃል። አሜሪካም እህል በረንዳ አላት፤ የእሷ በብረት የተሠራና ፎቅ የሚያህል ነው እንጂ። ስታርሊንክ ከአገሪቱ የበቆሎ ማሳ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። በመስከረም 2000 እ.ኤ.አ. ግን ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ ታኮ በሚባለው የሜክሲኮ ቂጣ ውስጥ ተገኘ። ያገኘውም መንግሥት አይደለም፤ ተቃዋሚ ድርጅቶች ከመደርደሪያ ገዝተው ላብራቶሪ አስመርምረው ነው። ከዚያ ከ300 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከገበያ ተሰበሰቡ።

ታመምን ያሉ ሰዎች ቀረቡ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ምልክታቸው ከአለርጂ ጋር የሚሄድ 28 ሰዎችን ለየ። 17ቱ ደም ሰጡ፤ ተመረመረ። የአንዳቸውም ደም ያንን ፕሮቲን አላወቀውም። ስለዚህ ስታርሊንክ ሰው አሳመመ ለማለት ማስረጃ የለም። ለእኔ ግን የታሪኩ ዋና ነገር ይህ አይደለም። ያን ያህል ሀብትና ያን ያህል ተቆጣጣሪ ያለው አገር፣ ለሰው ያልፈቀደውን እህል ከሰው ሳህን ማስቀረት አቃተው። ሳይንሱ «አደባልቁ» አላለም። መጋዘኑ ነው ያደባለቀው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ፤ በጓያ በኩል።

«ተፈጥሮ ከሆነ ችግር የለውም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ጓያን አነሳበታለሁ። ጓያን ማንም ላብራቶሪ አልሠራውም። የአባቶቻችን እህል ነው፤ ድርቅ የሚችል፣ ሌላው ሲከዳ የማይከዳ። ውስጡ ግን ነርቭ የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለ። በደህና ጊዜ ትንሽ ሽሮ ቢሆን፣ ከሌላ ጋር ቢበላ ብዙም አይጎዳም። በክፉ ዘመን፣ ለወራት ጓያ ብቻ ሲበላ ግን ጎረምሳው ጠዋት ሲነሳ እግሩ እንቢ ይለዋል። ከዚያ ዱላ፣ ከዚያ ሁለት ዱላ። ደንቢያን፣ ደላንታን ጠይቁ። እናቶች በልምድ ዘፍዝፈው ውሃውን ይደፉታል፤ ልክ ናቸው፣ መርዙ በውሃው ይወጣል። በክፉ ዘመን ግን ውሃም ማገዶም ይጠፋል። ዋሴ የተባለ መርዙ የቀነሰ የጓያ ዝርያ ተገኝቷል፤ እሱም በተለመደው የማዳቀል መንገድ ነው።

በኅብረተሰብ ጤና ዓይን ጓያና ያ አኩሪ አተር እኩል ጥያቄ ነው የሚጠየቁት። ምን አለበት? ማን ይበላዋል? በምን ያህል? ከየት እንደመጣ መታወቁ ግን ለሁለቱ አንድ አይደለም። ጓያን ዓይናችን ይለየዋል፤ ልውጡን በቆሎ አይለየውም።

እኛ አገር ሕጉ ጥብቅ ሆኖ ነው የተጀመረው። ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርን ታስታውሷቸዋላችሁ፤ ነፍሳቸውን ይማር። የካርታኼና ፕሮቶኮል፣ ማለትም ልውጠ ህያው ከአገር አገር ሲዘዋወር የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሲረቀቅ የአፍሪካን ተደራዳሪዎች የመሩት እሳቸው ናቸው። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. ጥር 2000 ሞንትሪያል ላይ ጸደቀ። አገራት «አናስገባም» የማለት መብታቸው ተከበረላቸው። የእኛ የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 የወጣው በዚያ መንፈስ ነው። ተመራማሪዎች ግን «እጃችንን አሰረው» ብለው አማረሩ። በ2007 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 896 አላላው። በ2010 ዓ.ም. የቢቲ ጥጥ ተፈቀደ። መልካሳ ላይ ደግሞ በታጠረ ማሳ ትልና ድርቅ የሚቋቋም በቆሎ ተሞከረ።

ጥጡ ሲፈቀድ የሰማሁት ማጽናኛ «ጥጥ እኮ አይበላም» የሚል ነበር። እውነት? ጥጥ ሲዳመጥ ፍሬው ይወጣል። ፍሬው ይጨመቅና የምግብ ዘይት ይሆናል። ዝቃጩ ፋጉሎ ይሆናል፤ ፋጉሎውን ላም ትበላለች፤ ወተቱን እኛ። ስለዚህ ጥጥ ይበላል። ለጤና የሚያሰጋ ነገር አለ ወይ ከተባለ፣ የተጣራ ዘይት ውስጥ ፕሮቲን የለም ማለት ይቻላል፤ የቢቲ ፕሮቲኑ ወደ መጥበሻችን አይደርስም። የላሟም ሆድ እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጨዋል። እኔ የማልወደው መልሱን ነው። «አይበላም» ብሎ የሚያጽናናህ ሰው፣ ወይ የዘይት ቤት ሄዶ አያውቅም፣ ወይ አንተ እንደማታውቅ ተማምኗል።

ደግሞ ነገሩን የሚገለብጥ አለ። የጥጥ ፍሬ ከተፈጥሮው ጎሲፖል የሚባል መርዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቻይና ውስጥ ለወንዶች የወሊድ መከላከያ ተብሎ እስከ መሞከር ደርሶ ነበር፤ ጉዳቱ በዝቶ ቀረ። ወንዶች፣ አትደንግጡ፤ ዘይቱ ሲጣራ ይወጣል። ቴክሳስ ውስጥ ታዲያ ፍሬው ጎሲፖል የሌለው ያህል የሆነ ጥጥ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን «ለሰውም ይሆናል» አለ። እንግዲህ ይሄኛው ጂኤምኦ መርዝ አልጨመረም፤ ነባሩን ቀነሰ። ጓያችንስ እያልኩ አስባለሁ አንዳንዴ።

ስለ አይጦቹ ፎቶ ሳልናገር ብወርድ ትወቅሱኛላችሁ። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው፣ ጎናቸው በእባጭ የተወጠረው አይጦች። ፈረንሳይ ውስጥ ሴራሊኒ የሚባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ነው። ፎቶው እውነተኛ ነው፤ አልተቀናበረም። ግን ያ የአይጥ ዘር ሁለት ዓመት ከኖረ ምንም ብታበላው ብዙ ጊዜ እባጭ ያወጣል። በየምድቡ የነበሩት ደግሞ 10 አይጦች ብቻ ናቸው። በ10 አይጥ አጋጣሚውን ከምክንያቱ መለየት አይቻልም። መጽሔቱ በዓመቱ ጥናቱን ሰረዘው፤ ኋላ ሌላ መጽሔት ላይ ወጣ። ጎረቤታችን ኬንያ ግን ጥናቱ በወጣ በሁለተኛው ወር ጂኤምኦ እንዳይገባ ከልክላ ነበር። ክልከላውን ያነሳችው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ከዚያም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተተ። ፎቶ ከማብራሪያ ይልቅ ፈጣን ነው።

ከአይጥ የተሻለ ማስረጃ ሰው ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምረው ልውጥ በቆሎና አኩሪ አተር ይበላሉ። ምዕራብ አውሮፓውያን እምብዛም አልበሉም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ካንሰሩን፣ ውፍረቱን፣ ስኳሩን፣ የኩላሊቱን፣ የአለርጂውን አዩ። ወደ 900 የሚጠጋ ጥናትም አገላበጡ። በገበያ ላይ ያሉት ከተለመዱት ይልቅ ጤና ይጎዳሉ የሚል የጸና ማስረጃ አላገኙም። እኔም ይህን እቀበላለሁ። «በገበያ ላይ ያሉት» የምትለዋን ቃል ግን አትዝለሏት። ነገ ስለሚመጣው አልተናገሩም።

አረም ማጥፊያን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ብዙዎቹ ልውጥ ሰብሎች ግላይፎሴት ቢረጭባቸው እንዳይሞቱ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ይረጫል፤ በብዛት። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ግላይፎሴትን «ካንሰር የማምጣት ዕድል አለው» ከሚባሉት ጎራ መደበው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በዚያው ዓመት «ዕድሉ አነስተኛ ነው» አለ። ክርክሩ አላለቀም። ይህ መርጫ ግን ልውጥ ሰብል ባልተዘራበት የእኛ ማሳም ላይ ከመዝራት በፊት ይረጫል፤ ብዙ ጊዜ ያለ ጓንት፣ ያለ ጭምብል። በተቃራኒው ባንግላዲሽ ውስጥ ትል የማይበላው ደበርጃን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሲዘራ ገበሬዎች የሚረጩት ፀረ ተባይ ቀንሷል።

ጥያቄ ስንቀባበል አንድ ወጣት ተነሳ። ሜሪላንድ ያለች እህቱ እሽግ ምግብ ላይ ስለ ዘረመል ምህንድስና የሚገልጽ ምልክት እያየች መልሳ ታስቀምጣለች አለ። ምልክቱ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ የግድ ነው። «ይህ ይጎዳሃል» ማለት አይደለም፤ «ይህ አለበት» ማለት ነው። ለእህትህ መምረጥ መብቷ ነው፤ እኔም ምልክቱን እወደዋለሁ አልኩት። ደስ አላለውም፤ ከሁለት አንዱን እንድመርጥለት ነበር የፈለገው።

መጨረሻ ላይ ከኋላ ወንበር ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ያን ሁሉ አወራህ። እኔ የትኛውን ቲማቲም ልግዛ?»

«የሚጥምዎትን ይግዙ እማማ፤ ጂኤምኦ የለበትም። በደንብ ይጠቡት። ከተቻለ ግን ባለጉልቷን ‹መድኃኒት ከተረጨ ስንት ቀኑ ነው?› ብለው ይጠይቋት።»

«እሷ መቼ ታውቅና? ከአትክልት ተራ ነው የምታመጣው።»

«አትክልት ተራ ያለው ነጋዴስ?»

«ከሹፌሩ ተቀብሎ ነዋ።»

«ሹፌሩስ?»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ቦርሳቸውን ከፍተው መነጽራቸውን አወጡ፤ «ስልክህን ጻፍልኝ፤ መቂ የሚያርስ የእህቴ ልጅ አለ፣ እሱን እጠይቀዋለሁ» አሉኝ። ማክሰኞ ደወሉ። የእህታቸው ልጅ ትናንት ረጭቶ ዛሬ ጠዋት ለቅሞ መጫኑን ነገራቸው።